የታሜኪቺ ወረቀቶች

ሽንሳኩ ከባሕር ማዶ ከተመለሰ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ወረቀት ሲገለበጥ መስማቱ ግን አልተወውም። ድምፁ ሁልጊዜ ከሚቀጥለው ክፍል ነው የሚመጣው። አንድ ሰው ተቀምጦ፣ ሳይቸኩል፣ እርጥቡን ወረቀት እያነሣ በደረቅ ሲተካ። ዕፅዋት የሚሰበስብ ሰው ይህን ድምፅ ከእናቱ ድምፅ እኩል ያውቀዋል፤ የተቀጠፈ ተክል በሳንቃ ተጭኖ በየቀኑ ወረቀቱ ካልተለወጠለት ይሻግታልና። ሽንሳኩ በሰማው ቁጥር ተነሥቶ ተንሸራታቹን በር ይከፍታል። ክፍሉ ባዶ ነው።

ባለቤቱ ኦሪኤ ከጓዳ ሆና፣ "ደግሞ ምን ጠፋብዎት?" ትለዋለች።

"መነጽሬ።"

መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነው። ኦሪኤ ታያለች፤ አይታም ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ሽንሳኩ ኩሮኢዋ በቶኪዮ የዕፅዋት መምህር ነበር። ገና ተማሪ ሳለ ከታሜኪቺ ናጋኦ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው፣ በአንዲት ጃንጥላ እየተሻሙ ነው የኖሩት። ታሜኪቺ በሺንሹ ተራሮች መሃል ሐር ትል እያረባች ያሳደገችው የአንዲት መበለት ልጅ ነው። እግሩ እንደ ፍየል ገደል አይፈራም፤ በግራ እጁ ሲሥል ቅጠሉ ከወረቀቱ ላይ የሚረግፍ ይመስላል። ሽንሳኩ ደግሞ ላቲኑን ያውቃል፣ መጽሐፉን ያውቃል፣ ለታላላቆች ማጎንበሱንም ያውቃል። "አንተ ስሙን ታወጣለህ፣ እኔ ቂጤን እያስቧጨርኩ ተክሉን አወጣለሁ" ይለው ነበር ታሜኪቺ። እውነቱን ነው፤ እንደዚያ ነበር የሚሠሩት።

የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት በነገሡ በሠላሳ ስድስተኛው ዓመት ሁለቱ በመርከብ ወደ ታይዋን ተላኩ። ደሴቲቱ በጃፓን እጅ ከገባች ስምንት ዓመቷ ነው፤ የመሃሉን ተራራ ግን ገና ማንም በቅጡ አላየውም። ዕፅዋቱ ስም የላቸውም። በዚያ ላይ የአውሮፓ ሰዎች እየቀደሙ ስም ማውጣታቸው መምህራኑን ያንገበግባቸው ነበር። ሁለቱ ወጣቶች አንድ መዝገብ ይዘው፣ የሚቀጥፉትን ሁሉ ተራ ቁጥር እየሰጡ፣ ሁለት ወር ሙሉ ሲወጡ ሲወርዱ ቆዩ። መንገድ የሚመራቸው ኡማስ የሚባል የተራራው ሰው ነበር፤ ጎልማሳ ነው፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ጃፓንኛው ግን የሚበቃው።

ቁጥሩ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት በደረሰ ማግስት ታሜኪቺን ወባ ጣለው። በዚያው ሰሞን ተሸካሚዎቹ ወደ ላይ መውጣት ፈርተው ጠፉ። ከላይ ያሉት መንደሮች ከኡማስ ጎሣ ጋር ደም የተቃቡ ናቸው፤ አንገት ይቆርጣሉ ይባላል። ሦስቱ በአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ተጠለሉ። ከበታቻቸው ወንዝ አለ።

ታሜኪቺ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ "ሽንሳኩ፣ ልቅሶ የደረሰ ሰው መስለህ አትቀመጥብኝ። ገና አልሞትኩም" አለው።

"ሞትክ ማን አለህ?"

"ፊትህ ነዋ። ስትፈራ አፍንጫህ ይረዝማል።"

ኡማስ እሳቱን እየቆሰቆሰ ወደ ላይ በአገጩ አመለከተ። "ከላይ፣ ደመናው ከሚቆምበት፣ ሰማያዊ አበባ አለ። ከድንጋይ ውስጥ ነው የሚወጣ። አሁን አብቧል። ከጥቂት ቀን በኋላ ውርጭ ይበላዋል።"

የሽንሳኩ ልብ ዘለለ። በዚያ ከፍታ የሚያብብ ሰማያዊ አበባ ማንም መዝግቦ አያውቅም። "ስንት ቀን ያስኬዳል?"

"ደርሶ መልስ አራት።"

ከኡማስ በቀር መንገዱን የሚያውቅ የለም። ኡማስ አብሮት ከሄደ ታሜኪቺ ብቻውን ይቀራል። ኡማስ ታሜኪቺን ተሸክሞ ወደ ታች ከወረደ ደግሞ አበባው ለከርሞ፤ ለከርሞ ደግሞ ለሌላ ሰው። ሽንሳኩ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበው፤ ማሰቡም ፊቱ ላይ ተነበበ።

"ሩዝ አለህ፣ ውኃም አጠገብህ ነው" አለ። "ኪኒኑንም እተውልሃለሁ። በአራተኛው ቀን እዚህ ነኝ።"

ታሜኪቺ ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበ። ሁልጊዜ ቀልድ የማያጣው ሰው ያን ጊዜ አጣ። ከዚያ፣ "አትቆይ" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

አበባውን አገኘው። ኡማስ እንዳለው ከድንጋይ ስንጥቅ ነበር የሚወጣው፤ ከጣት አይረዝምም፣ ሰማያዊነቱ ዓይን ያማል። ሽንሳኩ ተንበርክኮ አሥራ አንድ ራስ ቀጠፈ፤ በመዝገቡም ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ብሎ ጻፈ። በዚያው ቀን ዝናብ ጀመረ። ለሰባት ቀን አላባራም። ገደሉ ተናደ፣ መሻገሪያው ጠፋ፣ ወንዙን በገመድ ሲያቋርጡ ጎርፍ ሽንሳኩን አንከባሎ ባርኔጣውን ወሰደበት፤ ኡማስ በፀጉሩ ጎትቶ አወጣው። ቋጥኙ ጋ የደረሱት በአሥራ አንደኛው ቀን ነው።

ታሜኪቺ የለም። ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል። ብርድ ልብሱ በአራት ታጥፎ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ሽንሳኩ ስሙን እየጠራ ወንዙን ተከትሎ እስከ ምሽት ወረደ፤ ምንም አላገኘም። ተመልሶ፣ "ውኃ ሊቀዳ ወርዶ ጎርፍ ወስዶታል" አለ።

ኡማስ የታጠፈውን ብርድ ልብስ አየ። "ጎርፍ የወሰደው ሰው ብርድ ልብሱን አያጥፍም።"

"ታዲያ የት ሄደ?"

"የላይኛው መንደር ሰዎች ወስደውት ይሆናል። ለመግደል ቢሆን እዚሁ ይገድሉት ነበር፤ ደም የለም። እኔ መንደራቸው መግባት አልችልም። ግን ከሸንተረሩ ላይ ሆኜ እጣራለሁ። ሁለት ቀን ነው።"

ሽንሳኩ ደክሞታል፣ ርቦታል፣ ፈርቷልም። መርከቡም በአሥር ቀን ውስጥ ይነሣል፤ አበቦቹም ወረቀታቸው ካልተለወጠ ይበላሻሉ። እነዚህን ምክንያቶች አንድ በአንድ ለኡማስ ነገረው። ኡማስ ዕቃውን ተሸክሞ ቁልቁለቱን ቀደመው።

ቶኪዮ ሲደርስ ታሪኩ ሌላ ሆኖ ወጣ። ታሜኪቺ፣ "ሂድ፣ አበባው አይጠብቅህም" ብሎት ነበር። ሽንሳኩ በአራተኛው ቀን ተመልሶ በትኩሳት ሲቃጠል ደርሶበታል። በእጁ ላይ አርፏል። ከትልቅ ጥድ ሥር ቀብሮታል። ወደ ሺንሹ ሄዶ ለእናቱ ለኩማ ይህንኑ ሲነግራት፣ አሮጊቷ መሬት ድረስ አጎንብሳ፣ "ስላልተለየኸው እግዜር ይስጥህ" አለችው። አበባውን በታሜኪቺ ስም ሰየመው። መምህራኑ ሁሉ የወዳጅነቱን ጽናት አደነቁ። ኩማም የአበባውን ሥዕል ከባሏ መታሰቢያ ጎን፣ ዕጣን ከምታጨስበት ሣጥን ፊት ለጠፈችው።

ወረቀት ሲገለበጥ መስማት የጀመረው ከሺንሹ በተመለሰ በሳምንቱ ነው።

በሦስተኛው ዓመት፣ በሰኔ ዝናብ ወቅት፣ አንድ የእንጨት ሣጥን ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። አብሮት ከተራራው ጠረፍ ሹም የተላከ አጭር ደብዳቤ ነበር። "ይህ ጥቅል ከላይኛው መንደር ሰዎች የተገኘ ነው። በመጋዘን ተረስቶ ቆይቷል። ባለቤቱ በመንደራቸው አርባ ስንት ቀን ኖሮ በሕመም እንደሞተ ይናገራሉ።"

ሽንሳኩ ደብዳቤውን ቆሞ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ በሩን ዘጋና ሣጥኑን ከፈተ። የሙዝ ቅጠል፣ ገመድ፣ ከዚያ የታወቀው ግራጫ ወረቀት። ማገላበጥ ጀመረ። ሦስት ዓመት ሲያባንነው የኖረው ድምፅ አሁን ከገዛ ጣቶቹ ሥር ይወጣ ነበር።

በእያንዳንዱ የደረቀ ተክል ሥር ወደ ግራ የተጋደመው የታሜኪቺ ጽሕፈት አለ። ቁጥሩ ከስድስት መቶ አሥራ ሦስት ይጀምራል።

"፮፻፲፫። አበባ አልባ ፈርን። ከቋጥኙ ጣሪያ፣ ከተኛሁበት እጄን ዘርግቼ የደረስኩበት። ሽንሳኩ ከሄደ ሁለተኛ ቀን።"

"፮፻፲፮። ሣር። ይኸም ከእጄ አይርቅም። ዝናቡ አላባራም። የወንዙ ድምፅ አላስተኛ አለኝ። ዛሬ አራተኛው ቀን ነው፤ በጎርፍ ምክንያት እንደሚዘገይ አውቃለሁ።"

"፮፻፲፱። ከአዳኝ ቀበቶ ላይ የወሰድኩት ቅጠል። አምስት ሰዎች መጡ። አንገቴን የሚቆርጡ መስሎኝ ነበር። አንዱ ጫማዬን አይቶ ሳቀ። ተሸክመውኛል። ሽንሳኩ ሲመጣ በሕይወት መሄዴን እንዲያውቅ ብርድ ልብሱን አጥፌ ተውኩለት።"

ሽንሳኩ እዚህ ላይ ወረቀቱን አስቀመጠው። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ አነሣው።

"፮፻፳፬። የቤቱ እመቤት ኢቡ ለትኩሳቴ የምታፈላው። እጅግ መራራ ነው። ስሙን ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት፤ ሦስት የተለያየ ስም ነገረችኝ። እየቀለደችብኝ ይመስለኛል።"

"፮፻፴፩። ከወንዙ ዳር፣ አዳኞቹ ያመጡልኝ። ሽንሳኩን እንዲፈልጉ ለምኛቸው ወርደው ነበር። ባርኔጣውን አገኙ። ሌላ የለም።"

ከዚያ በኋላ ጽሕፈቱ እየደከመ ይሄዳል። የመጨረሻው የተጻፈበት ወረቀት ላይ ተክሉ ትንሽ ነው፣ ጽሑፉ ግን ዳር እስከ ዳር ሞልቷል።

"፮፻፶፬። ይህን የሚያነብ ሰው ለሽንሳኩ ኩሮኢዋ አባት ይንገርልኝ። ልጃቸውን ወንዝ ወስዶታል። ወደ እኔ ሲመለስ ነው የሞተው። በሕይወት ቢኖር ሳይፈልገኝ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ትቶኝ ሄደ የሚል ወሬ ከተሰማ ውሸት ነው። አትቆይ ብዬው ነበር፤ ያን ባልለው ኖሮ ጎርፉ እስኪጎድል ይጠብቅ ነበር። ይህ ቃል ሌሊትና ቀን ያንገበግበኛል።"

ከሥሩ አንድ ወረቀት ቀርቷል። ጽሑፍ የለበትም። አንዲት የዳጉሳ ራስ ተጭናበታለች፤ ከጎኗ ጽሕፈት ለማስመሰል በከሰል የተሠመሩ ጥቂት መስመሮች። አጫጫኑ የታሜኪቺ አልነበረም፤ እሱ ሲሠራ እያየ የሰነበተ የቤቱ ሰው የሞከረው ነው፤ ዘንጉ ተጣሟል፣ ቅጠሉ ተደራርቧል።

ኦሪኤ ምሳውን ይዛ ስትመጣ ባሏ መሬት ላይ በወረቀት ተከቦ ተቀምጦ አገኘችው። አላለቀሰም። "ታሜኪቺ የሞትኩ መስሎት ስለ እኔ አልቅሶ ነበር" ብቻ አላት።

የክፍሉ ኃላፊ ሽማግሌው መምህር ቴራዛዋ ወረቀቶቹን በማጉያ መነጽር ሲያዩ ዋሉ። ከመካከላቸው ሦስቱ አዲስ መሆናቸውን ሲረዱ ጉንጫቸው ቀላ። ቀኖቹ ከሽንሳኩ ታሪክ ጋር እንደማይገጥሙም አይተዋል።

በመጨረሻ፣ "ኩሮኢዋ፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ቀን ይሳሳታል" አሉ።

"ደብዳቤውስ፣ መምህር?"

"የተራራ ሰው ቀን መቁጠር አያውቅም። እኔ ያየሁት ሦስት አዲስ ዝርያ ነው። የቀረው... መቀስ አለ። የወረቀቱ ታች ቢከረከም ተክሉ አይጎዳም።"

ሽንሳኩ መቀሱን ወደ ቤት ይዞ ሄደ። ሁለት ቀን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድም ወረቀት ሳይቆርጥ ሁሉን ጠቅልሎ የሺንሹን ባቡር ተሳፈረ።

ኩማ የሐር ትሎቿን እየመገበች ነበር። ሰገነቱ ላይ በተደረደሩት ትሪዎች በሺህ የሚቆጠሩ ትሎች የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ሲበሉ ድምፃቸው ዝናብ በሣር ክዳን ላይ የሚወርድ ይመስላል። "ውረጂልኝ" ሊላት አልደፈረም። እዚያው ቅጠሉ መሃል ተንበርክኮ ነገራት። ከታሜኪቺ አፍ የወጣው "አትቆይ" እንጂ "ሂድ" አለመሆኑን ነገራት። ብርድ ልብሱን ነገራት፣ ኡማስ ያለውንም፣ እሱ የመለሰውንም። ጥድ የለም፣ መቃብር የለም አላት። ከዚያ ወረቀቶቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበላት።

ኩማ እጇ ላይ ያለውን ቅጠል አልጣለችም። "ያቺን ስለ መድኃኒቷ ድገማት" አለች።

ደገማት።

"ሦስት ስም ነገረችኝ አለ?"

"አዎ፣ እናቴ።"

"የሚያሾፍበት ሰው አግኝቶ ነበር ማለት ነው።" አንዱን ትሪ በቅጠል ሸፈነች። "አርባ ቀን ምን በላ?"

"እዚያ የሚበላው ስኳር ድንች፣ ዳጉሳ፣ አንዳንዴ የከርከሮ ሥጋ ነው።"

"ዳጉሳ ሆዱን ይነፋዋል እኮ።" ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችው። "አንተ ሰው። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ሌለ ጥድ አስጸለይከኝ። በየጠዋቱ ዓይኔን ስጨፍን የማየው ያንን ዛፍ ነበር፤ ቅርንጫፉን እንኳ አውቀው ነበር። እሱ ሌላ ቦታ ብቻውን፣ እኔ ሌላ ቦታ ስጸልይ።"

ሽንሳኩ ግንባሩን ከወለሉ አስነካ።

"ተነሥ። እዚያ ተደፍተህ ቅጠሌን አትርገጥብኝ። ሄደህ አጥንቱን አምጣልኝ።"

ትምህርት ቤቱን ለቀቀ። ከመልቀቁ በፊት አበባው በመዝገቡ ላይ የያዘውን ቁጥር ሰርዞ ለፈርኑ መለሰ፤ የሆነውንም እንደሆነ ጽፎ ለመምህሩ ሰጠ። መምህሩ ጽሑፉን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

በዚያው መኸር ታይዋን ደረሰ። ኡማስ ፀጉሩ ሸብቷል። ምን ፈልገህ መጣህ ብሎ አልጠየቀውም፤ "ቆየህ" ብቻ አለው። የሁለቱ ጎሣዎች ጠብ አሳማ ታርዶበት በርዶ ነበር፤ ያን የፈሩትን የላይኛውን መንደር በአንድ ቀን ተኩል ደረሱበት። ሽንሳኩ መንገዱን በእርምጃ ሲለካ ሄደ። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ከፊቱ አንድ ሰው ቀድሞ የሚታጠፍ ይመስለው ነበር፤ ሲደርስ ማንም የለም።

የኢቡ ቤት ግድግዳውም ጣሪያውም ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነው። ኢቡ ወፍራም፣ ጥርሷ የጎደለ፣ ከብዙ ሥራ የተነሣ ጣቶቿ የጎበጡ ሴት ናት። እንግዳውን አይታ ለኡማስ ብዙ ተናገረች። ኡማስ ወደ ሽንሳኩ ዞረ።

"ያኛው ሰውዬ ጓደኛዬን ወንዝ በላው ብሎ ወደ ወንዙ የዳጉሳ ጠላ አፈሰሰ፤ እኛም አብረነው አፈሰስን፣ አለቀስንለትም ትላለች። ታዲያ ይሄ ማነው ትላለች። ምን ልበላት?"

ሽንሳኩ ባርኔጣውን አወለቀ። "ወንዝ በላው የተባለው ጓደኛው ነኝ በላት።"

ኢቡ አልሸሸችም። ቀረብ ብላ የእጁን አንጓ ያዘች፤ የታመመ ሰው ትኩሳት እንደሚለኩ አድርጋ ብዙ ቆየች። አንድ ቃል ተናገረች።

"ይሞቃል፣ ትላለች" አለ ኡማስ።

ከዚያ በቅርጫት የተቀቀለ ስኳር ድንች አቀረበችለት። ምድጃው አጠገብ እንዲቀመጥ በእጇ አሳየችው። ሲቀመጥ፣ የታሜኪቺን አጥንት ፍለጋ እንደመጣ ኡማስ ነገራት። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ንግግሯ ቁጣ አልነበረበትም።

"በቤታቸው በሕመም የሞተ ሰው የቤቱ ሰው ነው ትላለች። ከወለሉ ድንጋይ ሥር፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። እሱን ካወጡት ቤቱን ጥለው መሄድ አለባቸው።" ኡማስ ትንሽ አመነታ። "አሁን የተቀመጥክበት ነው።"

ሽንሳኩ ሊነሣ ብሎ ተወው። መዳፉን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። የምድጃው ሙቀት ዘልቆታል። ለታሜኪቺ ሊናገር ያዘጋጀው ብዙ ነገር ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ሲያጠናው የመጣ። አንዱም አልመጣለትም። ቀና ሲል ኢቡ ስኳር ድንቹን እያየች ነው፤ እስኪበላ ትጠብቃለች። በላ። በእያንዳንዱ ጉርሻ አንድ ሰው ከሥሩ የሚያዳምጠው ይመስለው ነበር።

ስምንት ቀን ሰነበተ። ታሜኪቺ የትኛው ጥግ ይተኛ እንደነበር፣ በምን ይስቅ እንደነበር፣ ማታ ማታ ምን ያንጎራጉር እንደነበር ኢቡ በኡማስ አፍ ነገረችው። ሲወርድ ምንም ይዞ አልወረደም።

ለኩማ ይህን ሁሉ ሲነግራት፣ እንደ በፊቱ አጎንብሳ አልተቀበለችውም፤ አላባረረችውምም።

"እዚያ ይበርዳል?"

"ተራራው ይበርዳል። እሱ ያለበት ግን ምድጃው አጠገብ ነው።"

"ሴትዮዋ እሳት ታበዛለች?"

"ታበዛለች።"

ኩማ የሐር ክር የተጠቀለለበትን እንዝርት ስታዞር ቆየች። "ይቅር አላልኩህም" አለችው። "የምልም አይመስለኝ። ግን ለከርሞም ና። ስለ እሱ የሚያወራኝ ሌላ ሰው የለኝም።"

ሽንሳኩ በየዓመቱ፣ ትሎቹ ክራቸውን ሠርተው ሲጨርሱ፣ ወደ ሺንሹ ይወጣል። ስለ ታሜኪቺ ያልነገራትን አንድ ነገር ከየትም ከየትም ፈልጎ ይዞላት ይሄዳል። ከስድስተኛው ዓመት በኋላ የሚነግራት አለቀበት። እሷም ማለቁን አውቃለች፤ ሆኖም ቀኑ ሲደርስ ሻይ አፍልታ ትጠብቀዋለች፣ ያንኑ ደግማ ትጠይቀዋለች፣ እሱም ያንኑ ደግሞ ይመልስላታል።